የሁዳዴው አሚኖ አሲድ

ሰው ያልገባውን ነገር ሲያከብር ለጉድ ነው። «ጨው» ብትሉት አፍንጫውን ይነፋባችኋል፤ «ሶዲየም ክሎራይድ» ካላችሁት ግን ቁጭ ብድግ ይልላችኋል። እኛ ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ስንኖር በዚህ ድክመታችን የሚተዳደር አንድ ያገራችን ሰው ነበር። አገር ቤት የክሊኒክ ዘበኛ ነበር ይሉታል፤ ሱዳን ሲገባ ዶክተር ሆነ። ድንበር መሻገር የማይሰጠው ማዕረግ የለም።

ዶክተሩ በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት ይሸጣል። መንገዱ ሁሉ በሚቃጠል ጎማ በተዘጋበት በዚያ የሱዳኖች አብዮት ሁዳዴ፣ ሲሚንቶ እየተሸከሙ ለሚጾሙት ወንድሞቻችን፣ «ይሄ ሥጋ አይደለም፣ ወተት አይደለም፤ አሚኖ አሲድ ነው። አሲድ ጾም ያስገድፋል እንዴ?» ይላቸው ነበር። እነሱም አመኑ!

አብሮኝ የሚኖረው ታደሰም ገዛ። ታናሽ ወንድሙ ወደ ሊቢያ በረሃ ገብቶ ድምፁ ጠፍቶበታል። «ድምፁን አሰማኝ እንጂ ሁዳዴን አንዲት ቀን ሳላጎድል እጾማለሁ» ብሎ ተስሏል። ፉልና ዳቦ እየበላ ሸክሙ ቢከብደው ዱቄቱን በውኃ እየበጠበጠ መጠጣት ጀመረ።

እኔ ደግሞ ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። አንድ ቀን ቆርቆሮውን አንስቼ የእንግሊዝኛ ጽሑፉን አነበብኩና «ከላም ወተት የተሠራ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያማ ማን ያቁመኝ! ፕሮቲን ማለት እንደ መቁጠሪያ የተሰካኩ የአሚኖ አሲዶች ሰንሰለት መሆኑን፣ ዓይነታቸው ሃያ ብቻ መሆኑን፣ የወተትን ፕሮቲን ከባቄላ የሚለየው አሰላለፋቸውና የሰንሰለቱ አተጣጠፍ መሆኑን፣ በዳቦው ውስጥ ያነሰውን ፉሉ፣ በፉሉ ውስጥ ያነሰውን ዳቦው እንደሚሞላ አብራራሁ። ያንን አጭበርባሪ ድራሹን አጠፋሁት።

ታደሰ ከዚህ ሁሉ የሰማው አንድ ቃል ነው።

«ያኒ፣ ወተት ነው ማለት ነው?» አለ። ስልኩን አየት አደረገ። «ለካ ለዚህ ነው የማይደውለው። ወንድሜን እኔ ነኝ የበላሁት።»

ደነገጥኩ። «ሆድህ ሲገባ እኮ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል» አልኩት። «አንዱ አሚኖ አሲድ ከላም ይምጣ ከባቄላ አይለይም።»

«እግዜርስ አይለየውም፣ መምህር?»

ኬሚስትሪ እዚህ ላይ ትቆማለች። መነጽሬን ጠራረግሁና ቆርቆሮውን እንደገና አነሳሁ። ታደሰ እንግሊዝኛ አያነብም።

«ተሳስቻለሁ» አልኩት። «ባቄላ ነው የሚለው።»

ትንፋሹ ተመለሰ። በዚያው ቀን «መምህሩ ራሱ አንብቦ መሰከረ» እያለ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ።

ወንድሙ አልደወለም። ዶክተሩ ግን በማግሥቱ መንገድ ላይ አገኘኝና፣ ሰው ለሥራ ባልደረባው እንደሚያደርገው፣ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላም አለኝ።