ገና ያልጀመረው ፈቃድ

ኬንያ ሞያሌ ከከረምኩ ወዲህ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ዓይን የሚሸወደው በባዕድ ነገር ሳይሆን አብሮት ባደገው ነገር መሆኑን ነው። ኬላው ላይ አዲስ ፖሊስ ከቆመ ከሩቅ እንለየዋለን። የደጃፋችን ጉድጓድ ግን ትዝ የሚለን ስንወድቅበት ነው። እርስዎም ቢሆኑ ከዚህ አያመልጡም።

የእህቴ ልጅ ዘሃራ ናይሮቢ ኬሚስትሪ ትማር ነበር። እናቷ ስትታመም መጥታ እዚህ ማንያታ፣ እኛ መንደር፣ ሰነበተች። የመመረቂያ ሥራዋ፣ ቦረናዎች የከብት ቁስል የሚቀቡት ሙጫ ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ከታወቁ መድኃኒቶች ጋር ማነጻጸር ነው። ለዚህ የሚሆናትን የኮምፒዩተር ፕሮግራም መምህሯ ከተማሪ መጠቀሚያ ፈቃዱ ጋር በኢሜይል ልኮላታል። ሥራው እስከዚያው ቀን ማታ ካልደረሰው ግን ዓመቱ ተቃጠለባት ማለት ነው። ናይሮቢ ደግሞ የሙሉ ቀን መንገድ ነው። የቀረን የሐጂ ጀማል ኢንተርኔት ቤት ብቻ ነበር።

እዚያ ሄደን ፕሮግራሙን ጫንነው። ስንከፍተው «ፈቃድዎ ገና አልጀመረም» ብሎ ተዘጋ። አጥፍተን እንደገና ጫንን። አሁንም አልጀመረም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ እኔ «ቫይረስ ነው» ብዬ ያገኘሁትን ሁሉ ልሰርዝ ስል ዘሃራ እጄን ያዘችኝ። ፈርቼ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ?

«ፈቃዱ የትናንት ነው፣ አጎቴ። እንዴት አይጀምርም?»

«ቀኑን አይቻለሁ፤ ልክ ነው» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ዓመት ደጋግሜ አይቼው ነበር። ልክ ነበር። ጉዱም እሱ ነው።

ዘሃራ ጎንበስ ብላ አየችና «ልክ ነው፤ በእኛ» አለች።

ሐጂ የኮምፒዩተራቸውን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሞልተውታል። ትናንት የተሰጠው ፈቃድ እሳቸው ቤት ሲደርስ ለመጀመር ሰባት ዓመት ይቀረዋል።

«ማሎ ሐጂ፣ እባክዎ፣ ዓመቱን ልቀይረው?» አልኳቸው።

ፊታቸው ጠቆረ። «ሃፓና፣ አይሆንም። ዋልዳ የስደተኞች ድንኳን ስገባ ዕድሜዬን በፈረንጅ ቆጥረው ጻፉብኝ። ቤቴ ውስጥ ግን በአገሬ ዘመን ነው የምኖረው። አይነካም።»

«የእኔ ዓመት ግን ዛሬ ማታ ያልቃል» አለች ዘሃራ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ውጭ ጄኔሬተሩ መንተፋተፍ ጀምሯል፤ ናፍጣው እያለቀ ነው። ሐጂ ጆሯቸውን ወደ ጄኔሬተሩ አዘነበሉ። በመጨረሻ ተነሡና ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ሃራካ፣ ቶሎ በሉ። እኔ አላየሁም።»

ዓመቱ ሲቀየር ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ የሙጫው ሞለኪውሎች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ተሣሉ። ዘሃራ ውጤቱን አስገብታ ሥራዋን ላከች። «ደርሶኛል» የሚለው የመምህሯ መልስ እስኪመጣ ኢሜይሏን ደጋግማ ከፈተች። ሐጂ አሁንም በር በሩን እያዩ ነበር።

በማግስቱ ላመሰግናቸው ሄድኩ። ዓመቱን ወደ ቦታው መልሰውታል። የዘሃራ ሥራ ግን እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ፣ ገና ከሰባት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ሆኖ ተቀምጧል። እንዳያስቸግራቸው ላጠፋው እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ።

«ተወው» አሉኝ። «ስደርስበት እከፍተዋለሁ።»