የፍሬሽማኑ ሽማግሌ

(1972 ዓ.ም.፣ እሑድ ጠዋት፣ ለቡ፣ ወተት ሻጩ አቶ ዳባ ቤት። አቶ ወጋየሁ የዳባን ልጅ ሞልቱን ለእህቱ ልጅ ለጌቱ ሊጠይቅ መጥቷል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱን የቀበሌ ስብሰባ አስቀራቸው። ወጋየሁ ለሦስት የሚበቃ አፍ ስላለው ይህ አላሳሰበውም። ያሳሰበው ጫማው ነው፤ ለዛሬ ክብር ሲል ከጌቱ የተዋሰው፣ ተረከዘ ረጅም፣ ጣት የሚጨፈልቅ ጫማ። ጌቱ ጫማውን ሲሰጠው ስለ ልጅቷ ሊነግረው አንድ ሁለቴ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ወጋየሁ ግን የሰው ወሬ አስጨርሶ አያውቅም። «እሺ ሳላሰኝ ብመለስ ስሜ ወጋየሁ አይደለም!» ብሎ ምሎ ወጣ። አሁን በሩ ሥር ተገትሯል፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማ አይቀመጥማ።)

ዳባ፦ ኧረ ይቀመጡ!

ወጋየሁ፦ አልቀመጥም!

ዳባ፦ ወንበሩ ተጠርጎልዎታል እኮ።

ወጋየሁ፦ ወርቅ ቢለበጥም አልቀመጥ። ጉዳዬ ሳይሰማ!

ዳባ፦ ሰማሁ እኮ። ሞልቱን ለጌቱ አይደል? መልሱም አያስቸግርም፤ እንዲያውም ልጅቷ...

ወጋየሁ፦ (አቋርጦ) የልጁን ማንነት ሳይሰሙ እንዴት ሰማሁ ይላሉ? ጌቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው! መሐንዲስ ይሆናል!

ዳባ፦ እሰይ! ታዲያ ድልድይ መሥራት ጀመረ?

ወጋየሁ፦ ገና ፍሬሽማን ነው፤ አንደኛ ዓመት። እዚያ ሐኪም ልሁን ቢሉ መሐንዲስ ልሁን ቢሉ፣ መጀመሪያ ሁሉም የሚማረውን ትምህርት ሳይጨርሱ ወደ ሙያው የለም። ባዮሎጂ አለ፣ ጂኦግራፊ አለ፣ ፍልስፍና አለ...

ዳባ፦ (ፊቱ ጭፍግግ ብሎ) ወይኔ! እሱንም? ጨው ግዛ ተብሎ ተልኮ ገበያውን ሲዞር እንደሚውል ሰው አደረጉት በሉኛ!

ወጋየሁ፦ (አንዱን እግር አሳርፎ በሌላው እየቆመ) ምን ማለትዎ ነው? ልጁ እኮ ባዮሎጂ ላይ እንቁራሪት ከፍቶ አይቷል!

ዳባ፦ ምን ጠፍቶበት?

ወጋየሁ፦ ለእውቀት ነዋ! ጂኦግራፊ ቢሉ ደግሞ፣ አማዞን የሚባለው ወንዝ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ አብጠርጥሮ ያውቃል።

ዳባ፦ የኛ ወንዝ ክረምት ላይ የት እንደሚገባ እኔም አውቃለሁ። በረቴ ውስጥ ነው የሚገባው። እሱን የሚመልስበት ነገር ተማረ?

ወጋየሁ፦ እሱ ወደፊት ነው! አሁን ፍልስፍናውን ይስሙኝ። ፍልስፍና የተማረ ሰው ይህንን ወንበር ያይና «በእውነት አለ? ወይስ ሐሳብ ነው?» ብሎ ይጠይቃል።

ዳባ፦ (ወንበሩን በመዳፉ እየመታ) አለ እኮ! ተጠራጥረው ነው እንዴ የማይቀመጡት?

ወጋየሁ፦ (እያቃሰተ) መኖሩንማ እግሬ ይመስክር።

ዳባ፦ እኔ ልል የፈለግሁት፣ ሞልቱም ብትሆን...

ወጋየሁ፦ ሞልቱ ምን ቸገራት! እሷ ወተቷን ትለካ፣ ፍልስፍናውን እሱ ያስብላታል።

ዳባ፦ ቆይ፣ ይሄ ነገር ከምር ይጠቅማል?

ወጋየሁ፦ ሙያ ብቻ የተማረ ግማሽ ሰው ነው፤ ሙሉ ሰው የሚያደርገው ይሄ ነው! ቤት የሚመራው ይህን የጨረሰ ነው። ለምን ይመስልዎታል እኛ ወደ እናንተ የመጣነው? በእውቀት የቀደመ ሽማግሌ ይልካል፤ ወደ ኋላ ያለው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል!

ዳባ፦ (አገጩን እያሻሸ) እርግጠኛ ነዎት?

ወጋየሁ፦ አንገቴን ለካራ!

ዳባ፦ (ዓይኑ እንባ አቅርሮ) እግዜር ይስጥዎ! እኔ ሞኙ አታለሏት ብዬ ዓመቱን ሙሉ ስበግን ነበር። ሕክምና ትማር ብዬ ብልካት፣ አንድ ቀን ጂኦግራፊ፣ አንድ ቀን ፍልስፍና ትለኛለች። ከዚህ ሁሉ መንከራተት ትዳር ይሻላታል ብዬ፣ ገና ከበር ሲገቡ እሺ ልልዎት ነበር እኮ!

ወጋየሁ፦ ማን... ማንን ነው የላኩት?

ዳባ፦ ሞልቱን ነዋ! ያን ሁሉ አምና ጨርሳ ዘንድሮ ሁለተኛ ዓመት ገባች። ፍልስፍና አልገባ ብሎት የማስጠናው አንድ ፍሬሽማን አለ ስትለኝ፣ ለካ የእርስዎ ልጅ ኖሯል!

ወጋየሁ፦ (ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ) እ... ታዲያ... እሺ ነው ማለት ነው?

ዳባ፦ (ብድግ ብሎ በሩ ሥር እየቆመ) እንዴት ተደርጎ! የቀደመ ነው የሚልከው አላሉም? እናንተ ሂዱና ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። የፊታችን እሑድ ወንድሜን ሁንዴሳን ይዤ እመጣለሁ።

ወጋየሁ፦ (ጫማውን እየታገለ እያወለቀ) ኧረ በፈጠረዎት! እኛ አሁኑኑ እሺ ብለናል!

ዳባ፦ የለም፣ የለም! ቶሎ እሺ ማለት ለልጃችሁ ነውር ነው። እኔም እንደ ደንቡ ቆሜ እለምናለሁ። (ያበጡትን ጣቶች፣ ቀጥሎም የጎረምሳ ጫማውን አየት አድርጎ) ብቻ እኔ በራሴ ጫማ ነው የምመጣው።