በፋሲካ ማግስት የጀመርኩት ዳይት

ወገኖቼ፣ አታምኑኝም እንጂ እኔ በዳይት ምክንያት ቄስ ፊት ቀርቤ አውቃለሁ!

አዎ፣ ቄስ። ከነመስቀላቸው።

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ የሰላጣዋን ፎቶ ፖስት አድርጋ ሦስት መቶ ላይክ ስታገኝ አየሁና ቅናት ያዘኝ። የኔ ዳይት አንድም ላይክ አላገኘም። ያገኘውን ልንገራችሁ፣ ተቀመጡ።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ጊዜ፣ አሥመራ ነው። የሃያ ሰባት ዓመት ጎረምሳ ነኝ፤ ከጎንደር ተመድቤ የመጣሁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት። ገዛ ባንዳ በሚባል ሰፈር ውስጥ አደይ ለተብርሃን የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ቤት አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ምግቤንም የሚሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። "አደይ" በትግርኛ "እናቴ" ማለት ነው፤ እኔም ስጠራቸው ከልቤ ነበር።

እናቴ በመጀመሪያው ዓመት ልትጠይቀኝ ስትመጣ እጄን አንስታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። "ከእግዜር በታች ላንቺ ሰጥቻለሁ፣ አደራ" አለቻቸው።

አደይ ለተብርሃን ደግሞ በአደራ ቀልድ አያውቁም።

አሥመራ ስገባ ነፋስ የሚወስደኝ ቀጫጫ ነበርኩ። ሁለት ዓመት ቆይቼ ግን... ምን ልበላችሁ? ቀበቶዬ ቀዳዳ አለቀበት!

ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የከተማው ነው። ጠዋት ስኳር የበዛበት ሻሂ በዳቦ። ምሳ ፓስታ፣ ያውም ሁለት ሳህን። አመሻሽ ላይ ኮምቢሽታቶ በሚሉት ዋና ጎዳና ሽርሽር፤ ሽርሽሩም ከኬክ ቤት ወደ ኬክ ቤት። እራት የአደይ ለተብርሃን ዝግኒ፣ ማለት ቀይ የሥጋ ወጥ፣ ቅቤው ከላይ ተንሳፍፎ።

ማንም አልገሠጸኝም። ያን ጊዜ "ወፈርክ" ማለት እንደዛሬው ስድብ አልነበረም፣ ምርቃት ነበር!

አንድ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር በብስክሌት ከከተማው ዳር ወዳለው ኮረብታ፣ ወደ ቤት ጊዮርጊስ ወጣን። ወጣን ስል፣ እነሱ ወጡ። እኔ ዳገቱ መሃል ላይ ብስክሌቴን አጋድሜ ተቀመጥኩ። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል።

ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከተማው ሁሉ "ዶቶረ" የሚላቸው ሽማግሌ ጣልያን ናቸው። ክንዴን በጨርቅ ጠቅልለው ነፉ፣ አዩ፣ እንደገና ነፉ። ከዚያ "አባትህ በሕይወት አሉ?" አሉኝ።

የሉም። አባቴ በአርባ ሁለት ዓመቱ ደጃፋችን ላይ ወድቆ ነው የቀረው። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። የእናቴ ጩኸት ዛሬም ይሰማኛል።

"አንተም የደም ግፊት አለብህ" አሉ ዶቶረ። ቅቤና ሥጋ ተው፣ ጨው ተው፣ ፓስታና ስኳር ቀንስ፣ በየቀኑ በእግርህ ሂድ፣ ሰውነትህን አንቀሳቅስ። አለበለዚያ መንገድህ የአባትህ መንገድ ነው።

ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

እና ለማንም ላልናገር ወሰንኩ! ለአደይ ለተብርሃን ብነግራቸው እናቴ ጆሮ ይደርሳል። እናቴ ደግሞ በባሏ ያየችውን በልጇ ልታየው ነው። ስለዚህ ዝም።

ብልጥ ነኝ አይደል? ቆዩ!

አንድ ነገር ዘንግቻለሁ። ቀኑን!

ዳይቴን የጀመርኩት በፋሲካ ማግስት ነው።

እስቲ አስቡት። አገሩ ሁሉ ያን ረጅም ጾም ጨርሶ ገና መፈሰኩ ነው። ከፋሲካ በኋላ ባለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም፣ አይሰገድምም። ቤተ ክርስቲያን ራሷ "ብሉ፣ ደስ ይበላችሁ" ያለችበት ጊዜ ነው። እኔ ግን የዶሮው ወጥ ፊቴ ሲቀርብ "ሰላጣ አለ?" አልኩ።

አደይ ለተብርሃን ጭልፋው እጃቸው ላይ ቀረ። "ኣታ ዝወደይ፣ እንታይ ኮንካ? ጾሙ እኮ ተፈታ!" ሲደነግጡ ትግርኛቸው ከአማርኛቸው ይቀድማል።

"ምንም አልሆንኩም፣ አደይ። አላሰኘኝም።"

በማግስቱም አላሰኘኝም። በሳልስቱም። ጎህ ሲቀድ እየተነሳሁ ጋቢዬን ደርቤ ወደ ቤት ጊዮርጊስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ደህና ዳገት ያለው በዚያ ነው! ስመለስ ክፍሌ ውስጥ አርባ ጊዜ ቁጭ ብድግ እሠራለሁ። ጂም የት አለና? ወለሉ ጣውላ ስለሆነ በተነሳሁ ቁጥር ሲጥ ይላል።

አሁን እናንተ በአደይ ለተብርሃን በኩል ሆናችሁ አዳምጡኝ።

አንድ ወጣት በሃምሳው ይጾማል። በየማለዳው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወዳለበት ይሄዳል። ተመልሶ በሩን ዘግቶ አርባ ጊዜ ይሰግዳል። ምነው ሲሉት ዓይኑን ሰበር ያደርጋል።

ይሄ ዳይት ነው? ይሄ ንስሐ ነው! ያውም የከባድ ኃጢአት!

በአራተኛው እሑድ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ስመለስ ሳሎኑ ውስጥ ቀሺ ተስፋይ ተቀምጠዋል። የአደይ ለተብርሃን የንስሐ አባት ናቸው። አደይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጥግ ቆመዋል።

"ና ወደይ፣ ና ልጄ" አሉኝ ቄሱ። "በሃምሳው ጹም፣ ስገድ ያለህ ካህን ማን ነው? ስሙን ንገረኝ! ሥርዓት አያውቅም!"

"ማንም አላለኝም፣ አባ።"

"ዋእ! በገዛ ራስህ ነው? ምን ብትሠራ ነው እንግዲህ?"

"ምንም።"

ከዚያ አደይ ለተብርሃን ከጥጉ፣ በቀጭን ድምፅ፣ "ደም ግን የለበትም፣ አይደል?" አሉ።

ደም! ወገኖቼ፣ እኔ ዶሮ እንኳን አርጄ የማላውቅ ታይፒስት!

ቄሱ መስቀላቸውን ሲያወጡ አላስቻለኝም።

"አባ፣ ወፍሬ ነው!"

ቀሺ ተስፋይ ፊቴን አዩ። ሆዴን አዩ። ሳቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና "ከፓስታው ይፍታህ!" ብለው መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳረፉት።

እኔም ልስቅ ነበር። አደይ ለተብርሃን ግን አልሳቁም። ወደ ወጥ ቤት ሄዱ፣ ሲሄዱም ግድግዳውን ይዘው ነበር።

ተከተልኳቸው። "አደይ፣ እግርዎን ምን ሆኑ?"

የመለሱልኝ ቄሱ ናቸው፣ ሳቃቸውን አቁመው። "አንተ በሰገድክ ቁጥር እሳቸውም ከግድግዳው ወዲያ ይሰግዱ ነበር። ሥጋና ቅቤም ከተዉ አራት ሳምንት ሆናቸው። በሃምሳው አይሆንም ብላቸው፣ ልጁ ብቻውን አይችለውም፣ አግዘዋለሁ አሉኝ።"

አርባ ጊዜ። በየቀኑ። በስድሳ ዓመት ጉልበት።

እዚያው ወጥ ቤት ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። የአባቴን ነገር፣ የሐኪሙን ነገር፣ ፍርሃቴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። አደይ ለተብርሃን ተቆጡ። "ለእኔ ካልነገርክ ንመን ክትነግር ኢኻ? ለማን? እኔ ሰው አይደለሁም?" አሉና እሳቸውም አለቀሱ።

እናቴ እንዳትሰማ ብዬ ለመንኳቸው። ማሉልኝ። አሁን ሁለት አደራ ያዙ፣ የእናቴንም የኔንም።

ከማግስቱ ጀምሮ ጨውና ቅቤ የሌለው ሽሮ ይሠሩልኝ ጀመር። እንዴት ይጣፍጥ ነበር! (ውሸቴን ነው፣ አይጣፍጥም። ግን ጥርግ አድርጌ እበላው ነበር።)

ክረምት ሊገባ ሲል እናቴ መጣች። እኔ ስምንት ኪሎ ቀንሻለሁ፣ ራሴን በመስታወት ሳይ ኩራት ኩራት ይለኛል። እናቴ በሩ ላይ አየችኝና ደረቷን መታች። "ውይ በሞትኩት!"

ከዚያ ወደ አደይ ለተብርሃን ዞረች። "ይሄ ነው አደራው? ልጄን እንጨት አድርገሽ ትመልሺልኝ? ምግብ እንዴት ይነፈጋል?"

አደይ ለተብርሃን "ሐኪም አዞት ነው" ቢሉ ነገሩ ያልቅ ነበር። አላሉም። አንድ ጊዜ ወደኔ አዩ፣ ከዚያ አቀረቀሩ። "ይቕሬታ ግበሪለይ፣ ሓፍተይ፤ ይቅር በዪኝ እህቴ። ጥፋቱ የእኔ ነው።"

ወገኖቼ፣ የዛሬው ኑዛዜዬ ይሄ ነው። ቄሱ ፊት የሆንኩትማ ያስቃል።

እኔ ዝም አልኩ።

ሦስት ቀን! እናቴ በሰው ቤት ወጥ ቤቱን ተረከበች። ከጎንደር በያዘችው ቅቤ ዶሮ ሠራች። የአደይን ድስት ከፍታ "ይሄ ደግሞ ምን ይባላል?" እያለች ከደነች። አደይ ለተብርሃን ጭልፋውን አቀበሏት። እኔም በላሁ። በየጉርሻው እናቴ ፊቷ ሲበራ፣ አደይ ለተብርሃን ደግሞ ወደ አፌ የሚገባውን እያዩ ሲጨነቁ እያየሁ በላሁ። ሁለቱም የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፣ በሕይወት እንድቆይላቸው። ይህን ለእናቴ መናገር የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በአራተኛው ቀን ጓዟን ይዤ ወደ አውቶቡሱ ፌርማታ ሸኘኋት። ልትሳፈር ስትል "ከዚች ሴት ቤት ውጣ፣ ልጄ። ሰው አይደለችም" አለችኝ።

ጓዙን መሬት ላይ አስቀመጥኩት።

"እማዬ፣ አባዬን የገደለው በሽታ እኔም አለብኝ። ያከሳኝ ሐኪም ነው። አደይ ያዳኑኝ ናቸው።"

አልጮኸችም። ያን ሁሉ ጊዜ የፈራሁትን ጩኸት አልጮኸችም። ጓዟ ላይ ተቀመጠችና "ስሰድባት እያወቀች ነው ዝም ያለችው?" አለች።

"አዎ።"

"አንተስ?"



አውቶቡሱ ሄደ። እናቴ ተነስታ ወደ ገዛ ባንዳ ገሰገሰች፤ ስምንት ኪሎ ቀንሼም አልደረስኩባትም! አደይ ለተብርሃን በሩን ሲከፍቱ እግራቸው ሥር ተደፍታ ጉልበታቸውን ልትስም ሆነ።

"ኣይፋልን! እሱን ተዪው፣ ያመኛል!" ብለው ጮኹ።

ለምን እንደሚያማቸውም ያን ጊዜ ሰማች። ሰምታ ቀስ ብላ፣ አንዱን ሳመች፣ ሌላውንም ሳመች። ሁለቱ ሴቶች በሩ ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እኔ ጓዝ ተሸክሜ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። ግባ ያለኝ የለም። አልፈርድባቸውም።

እናቴ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆየች። ጨው የሌለው ወጥ አብረው ሲሞክሩ፣ ቀምሰው ፊታቸውን ሲያጨማድዱ፣ በእኔ ሲስቁ ይውሉ ነበር። ጎንደር ከተመለሰች በኋላም ስለ ሆዴ ይጻጻፉ ጀመር፤ ደብዳቤውን የማነበውም የምጽፈውም እኔው!

ይኸው ሰማንያን አልፌ ፌስቡክ ላይ እለፈልፋለሁ። ሁለቱም አሁን የሉም።

እኔ ያን ጊዜ በየሳምንቱ ሚዛን ላይ እየወጣሁ ስንት እንደቀነስኩ አየሁ። አደይ ለተብርሃንን ግን ማንም አልመዘናቸውም። አንድ ማዕድ እየቀረብኩ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ፣ አራት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ወደ ሳህናቸው አላየሁም።

እናንተ ዳይተኞች፣ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፤ ስትከሱ አጠገባችሁ ሌላ ማን እየከሳ እንደሆነ አይታችኋል?