ረጅሙ አልጋ

ሆቴል ክፍል መያዝ ዛሬ እንዴት እንደቀለለ ሳይ ይገርመኛል። ካዛንቺስ ላይ ቆማችሁ ወደ ግራ ብትዞሩ ሆቴል ነው፣ ወደ ቀኝ ብትዞሩ ሆቴል ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ማደር ያማረው ደግሞ ስልክ አንስቶ ይደውላል፣ አለቀ። ባለፈው ሰሞን ልጄ አልማዝ ባሏንና ልጆቿን ይዛ በዓልን ሐይቅ ዳር ለማሳለፍ አሰበችና ከእኛ ቤት ደወለች። ከወዲያ ያለው ሰውዬ ‹‹ልጆች ስንት ናቸው?›› ሲላት፣ ምንም ሳይመስላት ‹‹አራት›› አለችው። በቃ፣ አራት! ባለቤቴ አስካለ አጠገቧ ተቀምጣ ነበርና ስልኩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቀችም፤ ‹‹እትፍ እትፍ! ምነው ልጄ፣ እንደ ከብት!›› ብላ ፊቷን አዞረች።

ልትስቁ ትችላላችሁ፣ ሳቁ። በእኛ ዘመን ግን ልጅ አይቆጠርም ነበር። ጆንያ ይቆጠራል፣ ዶሮ ይቆጠራል፣ ልጅ ግን ‹‹አሉ›› ይባላል። ሲበዛ ‹‹እግዜር የሰጠን አለ›› ይባልና ወሬው ወደ ዝናቡ ይዞራል። የሰው ዓይን አለ፣ ክፉ ጆሮ አለ፤ ቁጥሩን ከሰማ መቀነስ የሚያምረው ነገር አለ። ‹‹ስንት ወለድክ?›› ብሎ ፊት ለፊት የሚጠይቅ ሰው አንድም ባለጌ ነው፣ አንድም ፈረንጅ ነው።

ፈረንጅ ስል ደግሞ ጣሊያን ትዝ አለኝ። ጠላት ከመግባቱ በፊት እኔ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ሲገባ መሥሪያ ቤቱም ወንበሬም ቀሩና ቀለም ቀቢ ሆንኩ። ቤታችን ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንዙን ተሻግሬ የምሄደው ጣሊያኖቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ወደሚሠሯቸው ቤቶች ነው፤ ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከእነዚያ ቤቶች ነው። እዚያ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ‹የልጆች ክፍል› የሚባል ነገር ያየሁት። ካፖው፣ ማለት የሥራ አዛዣችን፣ ጣቱን እያወጣ ‹‹እዚህ ሦስት ልጆች፣ እዚያ ሁለት ልጆች›› ይለናል። ሳይፈራ፣ ሳያማትብ! ገና ከባሕር ማዶ ያልመጡ የሰው ልጆች ናቸው እንግዲህ የሚቆጠሩት።

አንድ ቀን ታዲያ አንዱን የልጆች ክፍል ውሃ ሰማያዊ ቀብቼ መስኮቱን ብከፍተው፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ ከሩቅ የዝቋላ ተራራ ቁጭ ብሏል። ማታ ቤት ገብቼ ለአስካለ ነገርኳት። ስለ ክፍሉ አልጠየቀችኝም። ስለ ቀለሙም አልጠየቀችኝም።

‹‹ዝቋላ ይታያል?›› አለች።

‹‹ሲጠራ ይታያል።››

ተነስታ ደጅ ወጣች። ለምን እንደወጣች እኔ አውቃለሁ፣ እናንተም እወቁት። የበኩር ልጃችን ጌታሁን ‹‹ዱር ቤቴ›› ብሎ ከአርበኞቹ ጋር ከወጣ ቆይቷል። ሲወጣ ገና እያደገ ነበር። ሽቅብ ነው የሚያድገው፤ አስካለ የሱሪውን ጫፍ ፈትታ ባስረዘመች ማግስት ቁርጭምጭሚቱ ተመልሶ ብቅ ይላል። አልጋውም አጥሮት እግሩ ከጫፉ አልፎ ተንጠልጥሎ ነበር የሚተኛ። ከወጣ በኋላ የሰማነው አንድ ወሬ ብቻ ነው፤ ከዚያ አገር የመጣ ነጋዴ ‹‹በዝቋላ ግድም ካሉት ጋር አየሁት›› አለን። ከዚያ ወዲያ ጭጭ ሆነ።

ከዚያች ማታ በኋላ አስካለ ሽርሽር አማራት። ‹‹ልጆቹን ይዘን ቢሾፍቱ እንሂድ። ሐይቅ ይዩ፣ አየር ይለውጡ›› ትላለች። በጠላት ዘመን አየር መለወጥ! ልስቅ አልኩና ፊቷን ሳየው ተውኩት። ከቢሾፍቱ ዝቋላ ቅርብ ነው። እሷ አላለችም፣ እኔም አላልኩም፤ የጌታሁንን ስም ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ መጥራት ከቀረ ሰንብቷል። እኔም ብሆን በየቀኑ ያን መስኮት ሰበብ ፈልጌ ስከፍት እውል የለ!

እንግዲህ ክፍል መያዝ መጣ። ሐይቁን ቁልቁል የሚያዩት ሆቴሎች ለጣሊያኖቹ ነበሩ፤ ያገሬው ሰው የሚገባባቸው ትሪ ተሸክሞ ነው። ለእኛ ቢጤ የነበሩት ወይዘሮ በላይነሽ ናቸው። ቢሾፍቱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ የመንገደኛ ማረፊያ አላቸው፤ እህታቸው የቂርቆስ ጎረቤታችን ስለሆኑ እየመጡ ይጠይቋቸዋል። ወፈር ያሉ፣ ሥራ የሚወዱ፣ ነገር የማይወዱ ሴት ናቸው። እህታቸው ቤት መጡ ሲባል ላነጋግራቸው ስሄድ አስካለ በር ድረስ ተከትላኝ ‹‹አንተ ሰውዬ፣ ዋ! እንዳትቆጥር›› አለችኝ።

ወይዘሮ በላይነሽም የእኛው ሰው ናቸውና ‹‹ስንት›› ማለት ከበዳቸው። እንጀራቸው ነውና ደግሞ አለመጠየቅም አልሆነላቸው።

‹‹እንደው ወንድሜ... ልጆችም አብረው አሉ?›› አሉኝ።

‹‹አሉ፣ እግዜር ይመስገን።››

‹‹ያሳድጋቸው። እንደው ለመኝታው ብዬ ነው።››

‹‹ይገባኛል እመቤቴ።››

ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ክፍል ተከራይና አከራይ እንዲህ ተፋፍረው ሲቀመጡ ብታዩ ምን ትሉ ነበር? በመጨረሻ መላ የመጣው ከሳቸው ነው። ‹‹መቁጠሩ ይቅር። እንዴት እንዴት እንደሚተኙ ብቻ ያጫውቱኝ፣ እኔ አነጥፋለሁ›› አሉ።

ይኼ ደህና። ቀጠልኩ። ትንሿ የእናቷን ጆሮ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም፤ አልማዝ መሆኗ ነው፣ ዛሬ ስልክ ላይ የምትቆጥረው። ከሷ በላይ ያለው ፍራሽ ያርሳል፣ ከሥሩ አጎዛ ይነጠፍለት። ከሱ በላይ ያለው በእንቅልፉ ይራገጣል፣ ወደ ግድግዳ ይሁን። ወይዘሮ በላይነሽ በየተራው ‹‹እሺ፣ ይደግልዎ›› ይላሉ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ያሉት እነሱ ናቸው፣ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። አፌ ግን የለመደውን መንገድ ይዞ ወደ በኩሩ ሄደ።

‹‹አንደኛው ደግሞ ረጅም ነው›› አልኩ። ‹‹እግሩ ከአልጋ ያልፋል።››

‹‹እሺ፣ ይደግልዎ›› አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

ላርመው እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? ‹‹እሱን ይተዉት›› ልበል? ይህን የሚል አባት ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ፤ ለአስካለም አልነገርኳት። ቁጥር እንደሆነ አልጠራሁም።

በባቡር ሄድን፤ ልጆቹ በመስኮት ሲጮኹ፣ አስካለ ተራራ ስትፈልግ። ወይዘሮ በላይነሽ በር ላይ ተቀብለውን ክፍሉን ከፈቱልን። አጎዛው ተነጥፏል፣ የግድግዳው ጥግ ለተራጋጩ ተለቋል፣ ሁሉም እንዳጫወትኳቸው ነው። በመስኮቱ ሥር ደግሞ ሌላ የጠፍር አልጋ አለ። አልጋው ሲያልቅ በርጩማ ተጠግቶበታል፣ በርጩማው ላይ ትራስ ተደርጓል፣ ከላይ ንጹሕ ጋቢ ተዘርግቷል።

ወይዘሮ በላይነሽ ልጆቹን ባይናቸው ለቀም ለቀም አደረጉ። በልባቸው ሲቆጥሩ ያዝኳቸው። ‹‹ረጅሙስ?›› አሉ።

መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ። አስካለ አልጋውን አየች፣ በርጩማውን አየች፣ እኔን አየች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቀረብ ብላ ጋቢውን በመዳፏ ደለደለችና ‹‹ወደ ኋላ ቀርቶ ነው፣ ይመጣል›› አለች። የሴትየዋ ዓይን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ተራራው ሄዶ ተመለሰ። ሌላ ምንም አልጠየቁም።

ልጆቹ ሐይቁን አዩ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኑ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ። አስካለ በሩ ላይ ተቀምጣ ዝቋላን ስታይ ዋለች። እኔም አጠገቧ ሆኜ ያንኑ አየሁ፤ ደመና ሲሸፍነው እንናደዳለን፣ ሲገልጠው አንገታችንን እናሰግጋለን። ማንም አልመጣም። እኛም ይመጣል ብለን አልነበረም፤ ብቻ ናፍቆት ቅርብ ሆነው ሲናፍቁ ትንሽ ይሻላል። ጥበት ቢሆንም ልጆቹ ያን አልጋ አልነኩትም፣ የከለከላቸውም የለም። ስንሄድ እንደተነጠፈ ተውነው።

ጠላት ወጣ። የወጣው ሁሉ መመለስ ጀመረ። እኛም ጠበቅን፣ በየመንገዱ ረጅም ሰው ባየን ቁጥር ዞረን ፊቱን እያየን። ጌታሁን አልመጣም።

አንድ የቂርቆስ ንግሥ ዕለት ወይዘሮ በላይነሽ ከእህታቸው ጋር ቤታችን ገቡ። ጠላው ቀረበላቸው፣ ሳይነኩት አስቀመጡት። ‹‹አንድ ነገር ነበረኝ›› አሉ። ‹‹እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ፣ ጠላት ሳይወጣ፣ አንድ ልጅ እግር መንገደኛ ማደሪያ ለምኖኝ አሳደርኩት። ጎህ ሳይቀድ ወጣ።››

‹‹ስሙ ማን አለ?›› አልኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነስቼ።

‹‹እንዴት ብዬ ልጠይቀው ወንድሜ? በዚያ ዘመን?›› እውነታቸውን ነው። ያኔ የእንግዳ ስም ማወቅ ለእንግዳውም ለባለቤቷም መዘዝ ነበር። እኛ ልጅ አንቆጥርም፣ እሳቸው ስም አይጠይቁም፤ በዚህ መሃል የኛ ሰው ገብቶ ይሁን ሌላ የሰው ልጅ፣ ማን ይንገረን? እኔ ተስፋ ቆርጬ ልቀመጥ ስል አስካለ የሴትየዋን እጅ ያዘች።

‹‹የት አስተኙት?››

‹‹በዚያው በመስኮቱ ሥር ነዋ። እንዳነጠፍኩት ነበር።››

‹‹በቃው?››

ወይዘሮ በላይነሽ አሰብ አደረጉ። ‹‹ኧረ አልበቃውም። በርጩማውንም አልፎት እግሩ ውጭ ነበር።››

አስካለ እጃቸውን ለቀቀች። ፊቷ ላይ እንደዚያ ያለ ፈገግታ ካየሁ ዘመን ሆኖኝ ነበር።

‹‹አድጓላ!›› አለች።