ገና ነው የሚሉት ኦርቪል

በዓለም ላይ ያለ ሥራ ሁሉ አንድ «ገና ነው» ባይ አለው። ልብስ ሰፊው ቤትም ሆነ ዳቦ ቤቱ፣ ሌላው «አለቀ» ሲል እጁን የሚያነሣ አንድ ሰው አይጠፋም። በሃምቦልት አውራጃ፣ ከካናቢስ ዕፅ ዘይት በሕግ ፈቃድ በሚነጠርበት በኮርሊስ ሥራ ቤት፣ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ኦርቪል ናቸው።

ክቡርነታቸው የነጠረ ዘይት ሲያዩ ብልቃጡን ያጋድላሉ፤ ዐይናቸውን ያጠብባሉ፤ ዘይቱ ወደ ጎን እስኪንሸራተት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ከፈጠነ፣ «ሰሙ አልወጣለትም፤ የተነጠረበት አልኮልም ተንኖ አላለቀም» ነው። ከጠቆረ፣ «እሳት በዝቶበታል፤ ቅጠሉም የከረመ ነው» ይሆናል። ወፍሮ ወርቅ ከመሰለ ደግሞ ጥርጣሬያቸው ይብሳል። «እንዲህ የሚያምር ነገር አላምንም።» የምሳ ሾርባቸውን ሲያጋድሉም ታይተዋል።

ዛሬ ግን ኮርሊስ ሳቅ አልመጣላትም። የቀራት ደንበኛ ታድ ብቻ ነው። ዘይቱን ሳይወስድ ከተመለሰ ሥራ ቤቱ ይዘጋል። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ሞተሩ እንኳ አልጠፋም።

«ኦርቪል፣ ላብራቶሪው ንጹሕ ነው ብሏል። አሽገው በቃ!»

ኦርቪል መስኮቱ ላይ የነበረውን የናሙና ብልቃጥ አንሥተው አጋደሉ። ዘይቱ ሮጠ።

«ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

«ቀጥኗል። ትናንት እንዲህ አልነበረም። አንቺ ልጅ፣ ከዚህ በር አንዲት ካርቶን አትወጣም።»

«እሷ ካልወጣች የምንወጣው እኛ ነን!»

ታድ ሰዓቱን እያየ ገባ። «ችግር አለ?»

«የለም» አለች ኮርሊስ።

«አለ» አሉ ኦርቪል።

ኮርሊስ ደሟ ፈላ። ይህን ሰውዬ ዛሬውኑ አሰናብታለሁ ብላ በልቧ ማለች። ክቡርነታቸው ግን ሲበርድ ልየው ብለው ብልቃጡን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትተው፣ ጀርባቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ቆሙ። ታድ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

በመጨረሻ ብልቃጡ ወጣ። ኦርቪል አጋደሉት። ዘይቱ ንቅንቅ አላለም። ገለበጡት። እዚያው ተጣብቆ ቀረ።

«ደህና ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለካ ፀሐይ አሙቆት ነው የቀጠነው።»

«መስኮቱ ላይ ማን አስቀመጠው?»

ኦርቪል ጫማቸውን አዩ። «እኔ። ቀለሙን በብርሃን ልየው ብዬ።»

ኮርሊስ ወደ ታድ ለመዞር ፈራች። ታድ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ሁሉንም ጫኑልኝ። ይህን ሰውዬም ጨምሪልኝ፤ የእኔ ሠራተኞች ያዩትን ሁሉ ደርሷል የሚሉ ናቸው።»

ኮርሊስ ሳታስበው በሁለቱ መካከል ገብታ ቆማ ነበር።

«ዘይቱን ውሰድ። እሱን አልሰጥህም።»

«እኔን ሳትጠይቂ?» አሉ ኦርቪል ከኋላዋ።

«ዝም በል አንተ!» አለች፤ ጨብጣ የያዘችውን የሸሚዛቸውን እጅጌ ግን አልለቀቀችም።