ዳለቲ በስፒከሩ ውስጥ

ያልገባንን ነገር እንደገባን አስመስሎ ራስን መነቅነቅ ትልቅ ሙያ ነው። እናንተ ከጠዋት እስከ ማታ በአንድ ቋንቋ ብቻ የምትኖሩ ከሆነ ይህን ሙያ የመማር ዕድል አላገኛችሁም፤ አዝንላችኋለሁ። እኛ የሞያሌ ሰዎች፣ በተለይ በኬንያ በኩል ያለነው፣ ጠዋት ከጎረቤት ጋር በኦሮምኛ፣ ረፋዱ ላይ ከፖሊሱ ጋር በስዋሂሊ፣ ከሰዓት ደግሞ ከማዶ ከመጣ ነጋዴ ጋር በአማርኛ እናወራለን፤ ፎርም የምንሞላው በእንግሊዝኛ ነው። ከአራቱ አንዱ ሁልጊዜ ያመልጠናል። ባመለጠን ቁጥር ራሳችንን እንነቀንቃለን። እኔ በመነቅነቅ ብቻ የተስማማሁባቸውን ነገሮች ብዘረዝርላችሁ ትደነግጣላችሁ፤ አንድ ጊዜ እንዲያውም የማላውቀው ሰው ሚዜ ሆኛለሁ።

ይህን ሁሉ የምቀባጥረው ስለ ሙዚቃ ላወራችሁ ፈልጌ ነው።

ሜሮን የምትባል ወጣት የሙዚቃ ደራሲ ከአዲስ አበባ መጣች። «ምን ዓይነት ሙዚቃ?» ብላችሁ እንዳትጠይቋት፤ እኔ ጠይቄያት ሻዬ በረደ። ባጭሩ ዘመናዊ ረቂቅ ሙዚቃ ነው። ግማሹን ሰው በመሣሪያ ይጫወተዋል፣ ግማሹን ላፕቶፕ ያወጣዋል፣ ሁለቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ድንበር ያሻገራት ለላፕቶፑ የሚሆን ድምፅ ፍለጋ ነበር። ማይክሮፎኗን ይዛ በሞተር ቦሪ የሚባል መንደር ድረስ እየተመላለሰች የነፋስ፣ የኩሬ፣ የከብትና የግመል ድምፅ ስትቀዳ ሰነበተች። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። የጀሪካንና የምንጣፍ ሱቅ አለኝ፤ እናቴ ከማዶ ስለሆነች አማርኛዬ ይሻላል ይባላል።

ቀድታ ብትተወው ምናለበት! አልተወችውም። ድምፁን በላፕቶፗ ጎተተችው፣ ገለበጠችው፣ ከታተፈችው፣ መልሳ ሰፋችው። «ጋሽ አብዲ፣ አሁን ይሄ ምን እንደነበር ማንም አያውቅም» አለችኝ በኩራት። ማንም እንዳያውቀው ከሆነ ቦሪ ድረስ ወገባችን እስኪቆረጥ ምን አስኬደን ልላት ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ።

በዚሁ ነቅናቂነቴ ሙዚቀኛ ሆንኩላችሁ። እሷ ቫዮሊን ልትጫወት፣ እኔ ግመል አንገት ላይ የሚታሰረውን የእንጨት ቃጭል ልመታ ተስማምቼ ኖሯል። ሥራው አሥራ ስምንት ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ደቂቃ ውስጥ እኔ የምመታው ሦስት ጊዜ ነው፤ የቀረው ዝምታ ነው፣ ዝምታውም በኖታ ተጽፏል። ልምምዱን ሱቄ ውስጥ ስይዘው ደንበኞቼ ሰው የምጠራ እየመሰላቸው ወደ ኋላ ይገላመጡ ነበር።

«ሦስት ጊዜ ለማንቃጨል አሥር ቀን ልምምድ?» አለች ባለቤቴ ሐቢባ።

«ከባዱ ዝምታው ነው» አልኳት።

«ላንተስ እውነት ነው» አለችኝ።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ከሰዓት በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ሆነ። ሜሮን ትርኢቱን ቀድታ ውጭ አገር ላሉ የውድድር ዳኞች ልትልክ ነው፤ ሳይቆራረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ። ስለዚህ ማንም እንዳያስል አስጠነቀቀች። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። እኛ አገር ስፒከር የሚተከለው ለሠርግ ወይም ለምርጫ ስለሆነ፣ በሁለቱም ቢሆን ለስላሳ አይጠፋም ብሎ ሁሉም መጥቷል።

በሩ ላይ አባ ቦሩ ክንዴን ያዙኝ። ኡራን የሚባለው መንደር ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸው ጉዮ ነው፣ እኛ ግን በበኩር ልጃቸው እንጠራቸዋለን። ፊታቸው ከስቶ አጥንታቸው ወጥቷል። ዳለቲ የምትባለዋ አመድማ ግመላቸው ከጠፋች ወር ሊሞላ ነው። ግልገሏ ቤት ቀርቶ ሌት ተቀን ይጮኻል፤ የልጅ ልጆቻቸውም ወተት የሚያገኙት ከሷው ነበር። የኦቦን አካባቢ በእግራቸው አስሰው ጨርሰዋል። የቀራቸው ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እየተገኙ ምልክቷን መናገር ነው፤ ወደ ኮንሰርታችንም ያመጣቸው ይኸው ነው።

«ልናገርና ልሂድ» አሉኝ።

«ሲያልቅ ይናገራሉ፣ አባ ቦሩ።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?»

ስለ ዘመናዊ ረቂቅ ሙዚቃ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም። ዝም ስንል ልላቸው አሰብኩና ዝም የምንለው መሃል ላይም እንደሆነ ትዝ አለኝ። «ሰው ሲያጨበጭብ» አልኳቸው። ፊት ለፊት ሄደው ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀመጡ።

ሜሮን ጀመረች። ክሩን በቀስቱ ጫፍ ፋቀችው፤ ስፒከሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከኋላ አንዱ «ስቲማ ሊሄድ ነው» አለ፣ መብራቱን ማለቱ ነው። ከዚያ የሠፈሩ ሹም፣ ቺፍ የምንላቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቺፉ ከነቀነቁማ ማን ይቀራል? አዳራሹ በሙሉ ነቀነቀ። ያልነቀነቁት አባ ቦሩ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ሙዚቃው ጸጥ ባለ ቁጥር አለቀ ብለው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ፣ የሚያጨበጭብ ሲያጡ መልሰው ይቀመጣሉ። አራት ጊዜ ተነሥተው ተቀመጡ። ጉልበታቸው አሳዘነኝ።

አሥራ አንደኛው ደቂቃ ላይ ከስፒከሩ አንድ የተጎተተ፣ የሚያቃስት ድምፅ ወጣ። አቀበት ላይ የተጨነቀ የጭነት መኪና ይመስላል። ሲቀዳ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አላወቅሁትም።

የአባ ቦሩ ዱላ መሬት ወደቀ።

«ቱን ቲያ!» ብለው ጮኹ። «የኔ ናት! ዳለቲ ናት!»

ሕዝቡ ይሄም የሙዚቃው አካል መስሎት ራሱን ነቀነቀ።

አባ ቦሩ ስፒከሩ ጋ ደርሰው ጆሯቸውን ለጠፉበት። «ዳለቲ! ኮቱ! ነይ!» አሉት። ከዚያ ወደ ሜሮን ዞሩ። «ልጄ፣ ምን አደረግሻት? ድምፅዋ ታሟል!» ሜሮን ኦሮምኛ አትሰማም፤ ሽማግሌው ለምን እንደተቆጡ አልገባትም፣ ቀስቷንም አላቆመችም። በዓይኗ ግን እየለመነችኝ ነው፤ ጋሽ አብዲ፣ አደራ፣ ዝም በል። ኖታዬም ዝም በል ይላል፤ ገና አራት ደቂቃ ዝምታ አለብኝ። አባ ቦሩ ደግሞ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አብዲ፣ የት ናት? ተናገር!» ይሉኛል።

ወዳጆቼ፣ ጥበብን አከብራለሁ። ግን የሰውዬውን እጅ አይታችሁት ቢሆን እናንተም ቃጭሉን ታስቀምጡ ነበር።

«ቦሪ! ኩሬው ዳር!» ብዬ አንባረቅሁ፤ ግመል የቀዳነው እዚያ ብቻ ነበር። አባ ቦሩ ወጡ፣ ግማሹ አዳራሽ ተከትሏቸው ወጣ። ሜሮን እንባዋ ቫዮሊኑ ላይ እየተንጠባጠበ እስከ መጨረሻው ተጫወተች። እኔም ከጸጸቴ ብዛት ሦስተኛውን ምት አምስት ጊዜ መታሁት።

ነገሩን ስነግራት ግን ለቅሶዋን ትታ ላፕቶፗን ከፈተች፤ ድምፁ በየትኛው ቀን፣ ከየትኛው መንጋ እንደተቀዳ ጽፋ ይዛለች። በማግስቱ ጠዋት፣ መሽቷል ብለን ከመንገድ የመለስናቸውን አባ ቦሩን ይዘን በሁለት ሞተር ቦሪ ወረድን። ዳለቲ የሌላ ሰው መንጋ ውስጥ ናት፤ ባለመንጋው ባለቤቷ እስኪመጣ ብሎ ከራሱ ግመሎች ጋር ውኃ ሲያጠጣት ከርሟል። አባ ቦሩ አንዴ ጠሯት። ያ ረጅም አንገት ዞረ። ሽማግሌው አንገቷን አቅፈው አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። አቧራ ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

ሜሮን ሌላ ቅጂ ስለሌላት ያንኑ ጉድ ላከችው። ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ መጣ። ዳኞቹ ተደንቀዋል! ከሁሉም በላይ የወደዱት በአሥራ አንደኛው ደቂቃ የሚገባውን የሰው ድምፅ ነው። ሥራው ናይሮቢ እንዲቀርብ ጋብዘዋል፤ ሽማግሌው ድምፃዊም እንዲገኙ።

ሜሮን የአባ ቦሩን ጩኸት በኖታ ጽፋ፣ እኔን አስከትላ ኡራን ሄደች። አባ ቦሩ የዳለቲን ወተት ቀድተው ሰጡንና የምተረጉምላቸውን በትዕግሥት ሰሙ።

«ግመሌ ያቻትና ቆማለች» አሉ። «ምን ብዬ ልጩህ?»

«እንደጠፋች ያስቡት፣ አባቴ» አለች ሜሮን።

አባ ቦሩ ደነገጡ። ዳለቲ እንዳትሰማ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ አንቺስ ምን ጠፍቶብሽ ነው? ንገሪኝ፣ ገበያ ላይ ላስነግርልሽ።»

ተረጎምኩላት። ሜሮን ወተቷን ጠጣች።

አባ ቦሩ እምቢ ስላሉ ጩኸቱ እኔ ላይ ወደቀ፤ ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ራሴን ነቅንቄ ነው። ሳሎናችን ውስጥ ሜሮን ፊት ደጋግሜ ጮኽኩ። «አልጠፋብህም፣ ጋሽ አብዲ» ትለኛለች። እንደገና። «አሁንም አልጠፋብህም።» ሐቢባ በሩ ላይ ቆማ ስትታዘብ ቆየችና ወደ ጓዳ ገባች። ትንሽ ቆይቼ ለደንበኛ ልደውል ኪሴን ብዳብስ ስልኬ የለም። ፍራሹን ገለበጥኩ፣ ሱቁን በረበርኩ። ከዚያ ከሆዴ የወጣውን ጩኸት እኔም አላወቅሁትም፤ ሦስት ጎረቤቶች ባዶ እግራቸውን ሮጠው መጡ።

«ይኸው! ይኸው! እንዲህ ነው!» ብላ ሜሮን ዘለለች።

ስልኩ የሐቢባ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ከናይሮቢ እስክትመለስ አልሰጥህም ብላለች፤ ለጥበቡ ስትል።