ጋሽ ማለትነው ስለ ቋሊማ ሲያስረዱ

ጋሽ ማለትነው የሴት ጫማ ተረከዝ ይመታሉ። ጫማው በብረቱ ላይ ተገልብጧል፤ ግራ እጃቸው ቆዳውን ወጥሮ ይዟል፣ ቀኙ መዶሻውን ያነሳል፣ ይጥላል። ትንንሾቹ ሚስማሮች በከንፈራቸው መካከል ተደርድረዋል። አፉን ሚስማር የሞላው ሰው ዝም ይላል ብሎ የሚያስብ ካለ ጋሽ ማለትነውን አያውቃቸውም። በሚስማሮቹ መካከል እያሾለኩ ይናገራሉ፤ አንድም ወድቆባቸው አላየሁም።

ሰው በሚኖርበት ሁሉ አንድ ማለትነው አይጠፋም። በየመሥሪያ ቤቱ አለ፣ በየሐኪም ቤቱ ወረፋ ላይ አለ። "ዛሬ በረደ" ስትሉት፣ ብርድ ምን እንደሆነ ከሥሩ ጀምሮ የሚያስረዳችሁ ሰው ነው። የእኛ ሕንፃ ማለትነው ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ጫማ ይጠግናሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው። ነገር ግን ንግግራቸውን ሁሉ "እንዲህ ማለት ነው" ብለው ስለሚዘጉት ጎረቤቱ በዚሁ አጸደቀላቸው። እሳቸውም አልተቀየሙም፤ እንዲያውም ስለ ስሙ ማብራሪያ ሰጥተውበታል።

እኔ አንድ ትንሽ ውሻ አለኝ። ወገቡ ረጅም፣ እግሩ አጭር፣ ጆሮው ወደ መሬት የተንጠለጠለ፣ ቀላ ያለ ቡናማ። የዚህ ዘር ትክክለኛ ስም ለምላስ ስለሚያስቸግር ሰው ሁሉ "ቋሊማ" ይላቸዋል፤ የእኔም ውሻ መጠሪያ ይኸው ሆኖ ቀረ። ለእኔ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ። ለክቡር ጋሽ ማለትነው ግን ገና ተጀመረ።

"እትዬ፣ ስም ዝም ብሎ አይጠራም" አሉኝ። "ቋሊማ ካሉ ዘሩን ነው። ቋሊሜ ማለት ግን መብት ይጠይቃል፤ አንድ ቀን እንኳ ያበላው ሰው መሆን አለበት። 'ያ ቋሊማ' ያለ ሰው ደግሞ የሆነ ነገር ተበልቶበታል ማለት ነው።"

"ምን ይበላበታል?"

"ካልሲ።"

እውነታቸውን ነው፤ ብዙ ጊዜ ካልሲ ነው።

ሕጉ በዚህ አላበቃም። ምድር ቤት የሚኖር አንድ የባንክ ጸሐፊ አለ፤ ወገቡ ረዝሞ እግሩ ያጠረ ደግ ሰው። የሕንፃው ልጆች ከኋላው "ቋሊማ" ሲሉት ጋሽ ማለትነው ሰምተው በረንዳው ላይ ሰበሰቧቸውና በጸሐፊው ፊት ፈረዱ። "ቋሊማ የሚባለው ጆሮው የወደቀ ነው። የዚህን ሰውዬ ጆሮ እዩት፣ ቆሟል። ስለዚህ አይባልም ማለት ነው።" ጸሐፊው አመስግኖ ሄደ። በፍርዱ ይጽናና አይጽናና እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ ቤት ገብተው ደግሞ፣ ውሻው በምግቡ ስም መጠራቱ ለምግቡ ክብር ነው ወይስ ውርደት የሚለውን ለገዢዎች ሲያስረዱ ረፈደ። ሥጋ ሻጩ ቢላውን እየጠረገ ጠበቃቸው፣ ጠበቃቸው፣ በመጨረሻ "ጋሼ፣ ወይ ይግዙ ወይ ይውጡ" አላቸው። ነርሷ ጎረቤታችንም አንድ ጠዋት ተረከዝ ልታስመታ ገብታ "የማነው ይሄ ውሻ፣ ምን ዓይነት ነው?" ብላ በመጠየቋ ማብራሪያውን ይዛ ጫማዋን ረስታ በነጠላ ጫማ ሥራ ገባች።

እንዲህ በሰላም ስንኖር የሕንፃው በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከእቅፍ ውሻ በስተቀር ውሻ ማኖር ተከልክሏል ይላል። አንድ ተከራይ የቤቴ ደወል በተደወለ ቁጥር የሚሰማው የውሻዬ ጩኸት አስመርሮት ከስሶ ኖሯል። የሕንፃው አስተዳዳሪ ራሷ መጥታ አይታ ልትወስን ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ማታ በር ስከፍት የሚቀበለኝ ይኸው ውሻ ብቻ ነው። ይህን ለአስተዳዳሪዋ መናገር ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ፊት ምላሴ ይተሳሰራል። ስለዚህ ጋሽ ማለትነውን "እባክዎ፣ እርስዎ ይናገሩልኝ" አልኳቸው።

የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ "አክስቴ፣ ከሳቸው ውሻው ራሱ ቢከራከር ይሻለው ነበር" አለችኝ።

አስተዳዳሪዋ ጨዋ ልጅ ናት። ውሻውን ይዤ ወደ ጠበቅኋት ጫማ መጠገኛ ክፍል ገባች፣ እቅፌ ውስጥ ያለውን አየችና ፈገግ አለች። "እማማ፣ ይሄማ የእቅፍ ውሻ ነው አይደል?"

"አዎ" ማለት ብቻ ነበር የቀረን። ጋሽ ማለትነው ግን የተሳሳተ ቃል ሲያልፍ ዝም ብለው አያውቁም። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፋቸው አውጥተው ጣሳው ውስጥ ጨመሩ።

"ልጄ፣ የእቅፍ ውሻ የሚባለው ለእቅፍ የተፈጠረው ነው። ይሄ የተፈጠረው ለጉድጓድ ነው። ቋሊማ የሚሉት ቅርጹን አይተው እንጂ ሥራውን አያውቁትም። አዳኝ ነው። እግሩ ያጠረው ጉድጓድ ገብቶ አውሬ እንዲያወጣ ነው፤ ድምፁ የገዘፈውም ከመሬት በታች ሆኖ ላይ ድረስ እንዲሰማ ነው።"

"ለካ ድምፁ የሚሰማው ለዚያ ነው" አለች አስተዳዳሪዋ። ፈገግታዋ ጠፋ። "እንግዲህ አዳኝ ከሆነ፣ እማማ፣ ሌላ ቦታ ይፈልጉለት።"

ጋሽ ማለትነው ምን እንዳደረጉ ያኔ ገባቸው። ፊታቸው እንደ አሮጌ ቆዳ ጨለመ። እኔ ውሻውን አጥብቄ ያዝኩ።

በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ፣ ሽርጣቸውን በእጃቸው ጠረጉ። "እትዬ፣ ይስጡኝ" አሉ።

ውሻው መዶሻውን ስለሚፈራ አጠገባቸው ደርሶ አያውቅም። እየፈራሁ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት። የሽርጣቸውን ማስቲሽ አሸተተ፣ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ከዚያ አገጩን ጉልበታቸው ላይ ጥሎ ተኛ።

"አባባ፣ አዳኝ ነው አላሉም?" አለች አስተዳዳሪዋ።

መልስ ነበራቸው። ከሆዳቸው ተነስቶ ጉሮሯቸው ድረስ ሲመጣ አይቼዋለሁ፤ ረጅም መልስ ነው። አፋቸውን ከፈቱ። የውሻው ጆሮ ተነሳ። አፋቸውን ዘጉ።

ሦስታችንም ጠበቅን። በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ጸጥታ ኖሮ አያውቅም፤ በደረጃው የሚያልፉ ሰዎች ሳይቀሩ ቆም ብለው ሰውየው አመማቸው ወይ ብለው አንገታቸውን አስገቡ። ጋሽ ማለትነው ላብ ግንባራቸው ላይ ችፍ ብሎ፣ መሳሳታቸውን ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ ብቻ አመኑ። ሰው ለጎረቤቱ ብዙ ነገር ይሰጣል፤ እሳቸው የሰጡኝን ያህል ግን ከማንም አልተቀበልኩም።

"የእቅፍ ነው እንግዲህ" አለች አስተዳዳሪዋ በሹክሹክታ፣ "ደወሉን ብቻ በጨርቅ ነገር ያፍኑት፣ እማማ።" በጣቷ ጫፍ እየረገጠች ወጣች።

ልቀበላቸው እጄን ስዘረጋ በጣታቸው "ይተዉት" አሉኝ። ወዲያው ከላይ፣ ከቤታቸው፣ የባለቤታቸው ድምፅ በደረጃው ወረደ። "አንተ ሰው፣ ሽንኩርት ግዛ ብዬህ አልነበረም እንዴ? ድስቱ እኮ እሳት ላይ ነው።"

ጋሽ ማለትነው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ፣ ወደ ጭናቸው መለሱ። "ቋሊሜ ተኝቷል" አሉ ቀስ ብለው፤ እኔ ሰማሁ እንጂ እሷ አልሰማችም። ማዶ ያለው ባለሱቅ የሽንኩርቱን ቅርጫት ወደ ውስጥ አስገብቶ መዝጊያውን ሲያወርድ፣ ከተቀመጥንበት ሆነን እያየነው ነበር።